በጥራዝ ውስጥ የተረፈ፦ ከፍራንክፈርት እስከ ኤርፉርት የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

ሥራዬ የብራና መጻሕፍትን መመዝገብና መዘርዘር ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በጎጃምና በወሎ አድባራት ዕቃ ቤት ስቀመጥ ዓይኔ ዘወትር የሚያርፈው በዋናው ጽሑፍ ላይ ነበር። ከገበታው (ከእንጨት ሽፋኑ) ሥር ተሰፍቶ የሚገኘውን፣ ከሌላ አሮጌ መጽሐፍ ተቀድዶ መከላከያ የሆነውን ቅጠል ግን «ልዩ ልዩ» በሚለው ረድፍ አንድ መስመር ጽፌበት አልፈው ነበር። የመካከለኛው ዘመን የጀርመን አይሁድን ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ብዙውን ማስረጃቸውን የሚለቅሙት እኔ ከማልፈው ዓይነት ቁራጭ ላይ መሆኑን ከሰማሁ በኋላ ነገሩ አላስተኛኝም፤ የዓመት ፈቃዴንና ያጠራቀምኳትን ገንዘብ ይዤ በግንቦት 2017 ተነሣሁ። ይህን የጻፍኩት ከተመለስኩ በኋላ ከደብተሬ እየገለበጥኩ ነው። የጉዞው ቀናት በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የታሪኩ ዓመታት ግን በአውሮፓውያኑ ነው የተጻፉት።

ሰኞ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017፤ ፍራንክፈርት

እትዬ የአክስቴ ልጅ ናት፤ በሆስፒታል የሌሊት ተራ ሠርታ አድራ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀበለችኝ። በዓለ ሃምሳ ስለነበር ጾም የለም፤ ቤቷ እንደ ደረስን የሥጋ ወጥ አቀረበችልኝና እንጀራውን አንዱን ከአንድ ዩሮ ተኩል በላይ እንደምትገዛው ነገረችኝ። በዚያ ሰሞን አንድ ዩሮ 150 ብር አካባቢ ይመነዘር ስለነበር እጄን ከመሶቡ ትንሽ ሰበሰብኩ። ከሰዓት በኋላ በመላው ጀርመን በከተማና በክፍለ ሀገር ባቡሮች የሚያስኬደውን የወር ትኬት በ58 ዩሮ ገዛሁ። ፈጣኖቹን ባቡሮች አይጨምርም፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው።

ማታ የመጣሁበትን ጉዳይ ሳስረዳት እትዬ ጥቂት አዳመጠችኝና፣ «አንተ ደግሞ፣ የአገርህን ብራና ጨርሰህ ነው የሰው አገር ብራና ፍለጋ የመጣኸው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5፤ የአይሁድ መንገድ

የፍራንክፈርት ምክር ቤት በ1462 የከተማዋን አይሁድ ከየቤታቸው አስነሥቶ በአሮጌው ቅጥር ጥግ በተዘረጋች አንዲት ጠማማ መንገድ አሰፈራቸው። መንገዷ ርዝመቷ 330 ሜትር ገደማ ነበር፤ ሦስት በሮች ነበሯት፤ በሮቹ በየሌሊቱ፣ በየእሑዱና በክርስቲያኖች በዓላት ይዘጉ ነበር። ሲጀመር አሥራ አምስት ያህል ቤተሰብ ብቻ ገባባት፤ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግን ከ2,500 የሚበልጥ ሰው ይኖርባት ነበር። ቦታው ስላልሰፋ ቤቶቹ ወደ ጎን እየተከፈሉ፣ ወደ ላይ እየተቀጠሉ ሄዱ።

ዛሬ ከዚያች መንገድ የሚታየው በአንድ የቢሮ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። በ1987 ለሕንፃው መሠረት ሲቆፈር የቤቶቹ ግንብ ወጣ፤ ይነሣ ወይስ ይቆይ በሚል ከተማው በጥል ታመሰ፤ በመጨረሻ የአምስት ቤቶች መሠረት ተጠብቆ ቤተ መዘክር ሆነ። ቢሮው ከላይ፣ ታሪኩ ከታች ማለት ነው። እኔ በመሠረቶቹ መካከል ስመላለስ የሳበኝ የቤቶቹ ስም ነበር፤ «ቀዩ አውራ በግ»፣ «ነጩ አውራ በግ»፣ «ጭልፊቱ»። ቤት የሚታወቀው በቁጥር ሳይሆን በደጁ ላይ በተሰቀለው ምልክት ነበርና ሰዎቹም በቤታቸው ስም ይጠሩ ጀመር፤ ዓለም የሚያውቀው የሮትሺልድ ስም የመጣው «ቀዩ ጋሻ» ከተባለ ቤት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «ከሰማያዊው በር ታጥፈህ» እየተባለ ቤት ለሚፈልግ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከጎኑ ባለው አሮጌ መቃብር ብዙ ድንጋዮች ላይ የሟቹ ቤት ምልክት ተቀርጿል፤ ስለዚህ አጥኚዎች የመቃብሩን ድንጋይ ከግብር መዝገብ ጋር እያመሳከሩ ማን ከማን ጎን ይኖር እንደነበር እስከ ደረጃው ድረስ ለማወቅ ችለዋል።

ነሐሴ 1614 በዝንጅብል ዳቦ ጋጋሪው በቪንሰንት ፌትሚልሽ የሚመራ ሕዝብ መንገዷን ሰብሮ ገብቶ ዘረፈ፤ ነዋሪዎቹ በሙሉ ተባረሩ። በየካቲት 1616 ፌትሚልሽ አንገቱን ተቀላ፤ በዚያው ቀን አይሁድ በንጉሠ ነገሥቱ ወታደሮች ታጅበው ተመለሱ። ዕለቱንም፣ አይሁድ በአስቴር ዘመን ከጥፋት የዳኑበትን የፑሪም በዓል አስታውሰው፣ «የቪንሰንት ፑሪም» ብለው በየዓመቱ ያከብሩት ነበር።

በመቃብሩ አጥር ላይ በናዚዎች ዘመን ከከተማዋ ተወስደው የተገደሉት ሰዎች ስም በየትንንሽ የብረት ጡብ ተለጥፏል፤ ከ11,000 በላይ ነው። የእኔ ጉዳይ ከዚያ ዘመን 300 ዓመት ቀድሞ የሚያበቃ ነው፤ ቢሆንም አንድ ሰዓት ሙሉ ከዚያ አጥር ሥር አልተንቀሳቀስኩም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6፤ ቤተ መጻሕፍቱ

የፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በጀርመን ትልቁን የአይሁድ ጥናት ክምችት ይዟል። ይህን ክምችት ለሠላሳ ዓመት ያህል ያሳደገው አሮን ፍራይማን በ1933 አይሁዳዊ በመሆኑ ከሥራው ተባረረ። እዚሁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የእኛም ሰው አለ፤ የግዕዝና የአማርኛ ሰዋስው የጻፈው ሂዮብ ሉዶልፍ የመጨረሻዎቹን ዓመታት በፍራንክፈርት ኖሮ በ1704 እዚሁ ስለሞተ ወረቀቶቹ እዚህ ተቀምጠዋል።

የሉዶልፍን ሣጥን ለማየት ከአዲስ አበባ ሳለሁ በኢሜይል ጠይቄ ነበር፤ የጻፍኩት ቁጥር ግን አንድ አኃዝ ስቶ ኖሮ የቀረበልኝ የሌላ ሊቅ የጨረታ ደረሰኝ ሆነ። ጥፋቱ የራሴ ነው። አንባቢ ክፍል ውስጥ የተፈቀደው እርሳስ ብቻ ነው፤ መጽሐፉ በስፖንጅ ትራስ ላይ ይንተራሳል፤ ቅጠሉን የሚይዘው እንደ እባብ የተጠቀለለ ክብደት ነው። ሉዶልፍ በ1681 በዚህ ከተማ ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ስለ አገራችን አይሁድም ጽፏል። መጽሐፉ ታትሞ የወጣው የአይሁድ መንገድ በሮች በየሌሊቱ በሚዘጉባት ከተማ ነው፤ ስለ ሩቆቹ ያለውን ጉጉት ያህል ስለ ጎረቤቶቹ ነበረው ወይ ብዬ ብጠይቅ ፍርዱ እንዳይከብደው እፈራለሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7፤ ማይንዝ

ማይንዝ በባቡር አርባ ደቂቃ ያህል ነው። ሽፓየር፣ ዎርምስና ማይንዝ በመካከለኛው ዘመን እንደ አንድ ማኅበር ሆነው ሕግ ያወጡ የነበሩ ሦስት የራይን ከተሞች ናቸው፤ የዕብራይስጥ ስሞቻቸው የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ «ሹም» ይሆናሉ። ቃሉ በዕብራይስጥ ነጭ ሽንኩርት ማለት ነው፤ በእኛ ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቃል፤ ለእነዚያ ሦስት ማኅበራት ግን የእኛው ትርጉም ይበልጥ ይስማማቸዋል። ዩኔስኮ በ2021 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

የአሽኬናዝ፣ ማለትም የጀርመንና የአካባቢዋ አይሁድ ትምህርት መሠረት የሚባለው ረቢ ጌርሾም ያስተማረው በማይንዝ ነበር። ወንድ በሚስቱ ላይ ሌላ ሚስት እንዳያገባ፣ ሰውም የሌላውን ደብዳቤ ከፍቶ እንዳያነብ የሚከለክሉት ሥርዓቶች በእርሱ ስም ይጠራሉ። እኔ የሌሎችን ደብዳቤ በማንበብ የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ ሁለተኛው ትንሽ ነካኝ።

ወደ አሮጌው መቃብር ወጣሁ። አይሁድ በ1438 ከማይንዝ ሲባረሩ የመቃብራቸው ድንጋዮች ተነቅለው ለግንባታ ዋሉ፤ ለመቶ ዓመታት ግንብ ሆነው፣ የመሠረት ድንጋይ ሆነው ኖሩ። በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዓመት ግንብ ሲፈርስ አንድ በአንድ ወጡና በ1926 በቀድሞው ቦታቸው ላይ ሣር ውስጥ እንደገና ቆሙ፤ አንዱም ድንጋይ በራሱ ሟች መቃብር ላይ አይደለም። ሞርታር ያልለቀቀው ድንጋይ አየሁ፤ ከዕብራይስጡ ቀበር የሚለው ቃል በኖራው ሥር ብቅ ብሏል። የእኛው መቃብር፣ ያው ሥር ነው።

ከሰዓት በኋላ በዩኒቨርሲቲው የአይሁድ ጥናት ክፍል አንዲት ተመራማሪ ተቀበለችኝ። «ጌኒዛት ጌርማኒያ» የሚባለው ፕሮጀክት እዚህ ነው ያለው። ጌኒዛ ማለት አይሁድ የፈጣሪ ስም ያለበት ያረጀ ጽሑፍ እንዳይጣል የሚያኖሩበት ጓዳ ነው፤ ታዋቂው ሰሎሞን ሼክተር በ1896 እና በ1897 ወደ ካምብሪጅ ያስወሰደው የካይሮው ነው። ጀርመን ውስጥ የካይሮውን የሚያህል ጓዳ የለም። ያለው ሌላ ነገር ነው፤ በ15ኛው፣ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት ክርስቲያን ጠራዦች የዕብራይስጥ ብራና እየቆራረጡ የግብር መዝገብና የላቲን መጽሐፍ ሽፋን አድርገውበታል። ተመራማሪዎቹ በየከተማው ቤተ መዛግብት እየዞሩ ሽፋን የሚያነቡት ለዚህ ነው። «ካይሮ የተቀመጠው እንዲከበር ነው፤ የኛ የተረፈው ዋጋ እንዳለው ቆዳ ስለታየ ነው» አለችኝ።

ማታ ስፑንደኬዝ የሚሉትን የተመታ ለስላሳ አይብ ከብሬዝል ጋር በላሁ። አይባችንን ይመስላል፤ በርበሬና ሽንኩርት አለበት፤ ጎመን ብቻ ነው የጎደለው።

ዓርብ፣ ግንቦት 8፤ ዎርምስ

ዎርምስ የደረስኩት በቀትር ነው፤ ያረፍኩበት ቤት ባለቤት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ለአንድ ሌሊት 45 ዩሮ ቁርስ ጨምረው አስከፈሉኝ። የነጭ አስፓራገስ ወቅት ስለሆነ በየደጁ ይሸጣል፤ መምህሩም አብስለው በቀለጠ ቅቤ አቀረቡልኝ። ጣዕሙን ለመረዳት ብዙ ደከምኩ።

ምኩራቡ በጠባብ መንገድ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ቤት በ1034 እንደተሠራ የሚናገረው ድንጋይ አሁንም በግንቡ ላይ አለ፤ ያሠሩት ያዕቆብ ወልደ ዳዊትና ሚስቱ ራሔል ናቸው። የሚስትየው ስም ከባልየው ጎን እኩል መጻፉን ሳነብ፣ በእኛ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ «ያጻፈው እገሌ ከሚስቱ ከእገሊት ጋር» የሚለውን አስታወስኩ። ታላቁ የኦሪትና የታልሙድ (የረቢዎች የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ) ተርጓሚ ራሺ በወጣትነቱ ከፈረንሳይ ተነሥቶ በ1060ዎቹ በማይንዝና በዎርምስ ተምሯል። ምኩራቡ በ1938 ተቃጠለ፤ ከዚያም በጦርነቱ ፈረሰ፤ ከፍርስራሹ ድንጋዮች የተቻለውን ሰብስበው በ1961 እንደገና አቆሙት። ስለዚህ የሚያዩት ግንብ አሮጌም አዲስም ነው፤ ድንጋዩ የ12ኛው መቶ ዓመት፣ መገጣጠሚያው የትናንት።

በውጭው ግንብ ላይ ወደ ውስጥ የጎደጎደች ስርጉድ አለች። ባህሉ እንደሚለው የረቢ ይሁዳ ጻድቁ እናት ነፍሰ ጡር ሳለች በዚህ ጠባብ መንገድ ስታልፍ ጋሪ እየጋለበ መጣባት፤ ግንቡም ጎድጉዶ አስጠለላት። እጄን አስገብቼ ለካሁት፤ አንድ ክንድ አይሞላም። ለታሪክ ጸሐፊ ዋናው ነገር ጋሪው መምጣቱ አይደለም፤ በዚያ ጠባብ መንገድ አይሁዳዊት እናት የሚያስፈራት ምን እንደነበር ግንቡ ራሱ መናገሩ ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9፤ የተዘጋ በር

በጠዋት ተነሥቼ «ቅዱሱ አሸዋ» ወደሚባለው ጥንታዊ መቃብር ሄድኩ። በሩ ተቆልፏል። ጥቂት ገፋሁት፤ ሰዓቴን አየሁ፤ ማስታወቂያውን ሳነብ ግን ላብ አጠመቀኝ። ቅዳሜ ነው! ቀዳሚት ሰንበትን በምታከብር ቤተ ክርስቲያን ያደግሁ፣ የአይሁድን ታሪክ ለማጥናት አገር ያቋረጥኩ ሰው፣ ቀኑን ከነስሙ ረስቼ በሰንበት የአይሁድ መቃብር በር እገፋለሁ። መምህሩ ቤት ስመለስ ሳልነግራቸው ገባቸውና ሳቁ፤ ቀኑን ሙሉ ልብሴን ሳጥብ ዋልኩ።

እሑድ፣ ግንቦት 10፤ ቅዱሱ አሸዋ

በዚህ ቀን በሩ ተከፈተልኝ፤ ወንድ ራሱን ሳይሸፍን አይገባምና የእትዬን ልጅ ኮፍያ አድርጌ ገባሁ። በአውሮፓ ባሉበት የቆሙ እጅግ ጥንታዊ የአይሁድ መቃብሮች እዚህ ናቸው፤ ወደ 2,500 ያህል ድንጋይ አለ፤ ቀደምቶቹ የ11ኛው መቶ ዓመት ናቸው። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፤ ድንጋዮቹ እንደደከመው ሰው ወዲያና ወዲህ ተዘንብለዋል። ከኮረብታው ጥግ ቆመው ቢያዩ የካቴድራሉ ማማዎች ከድንጋዮቹ በላይ ይታያሉ።

ከበሩ ብዙም ሳይርቅ ሁለት ድንጋዮች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በላያቸው ጠጠርና የታጠፈ ወረቀት ተከምሯል። አንደኛው የረቢ ሜይር ዘሮተንቡርግ ነው። በ1286 ከአገር ሊወጣ ሲል ተይዞ የንጉሥ ሩዶልፍ እስረኛ ሆነ፤ በ1293 በእስር ሞተ፤ ሬሳው ግን ገንዘብ ካልተከፈለበት አይወጣም ተብሎ አሥራ አራት ዓመት ተያዘ። በ1307 አሌክሳንደር የሚባል ነጋዴ ከፍሎ አስለቀቀው፤ የጠየቀውም ከጎኑ መቀበር ብቻ ነበር። ሁለተኛው ድንጋይ የእርሱ ነው። ረቢው ማኅበሩ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ እንዳያስፈታው ራሱ እንደከለከለ ይነገራል፤ አንዱ ቢከፈልበት ነገሥታት ሌሎችንም እየያዙ ይነግዱበታል ብሎ። ሰውን ይዞ ቤዛ መጠየቅ ዛሬም በብዙ አገር መንገድ ላይ ያለ ነገር ስለሆነ ይህን ድንጋይ ለማንበብ መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም።

ከመቃብሩ ስወጣ ነው ቀኑን ያሰላሁት። በፈረንጆቹ ግንቦት 18 ነበር። የመጀመሪያው የመስቀል ጦርነት መንጋ ዎርምስን በ1096 የመታው በዚሁ ቀን ነው፤ የዕብራይስጡ ዜና መዋዕል በዎርምስ ስምንት መቶ ያህል ሰው እንደሞተ ይናገራል። ከሰባት ቀን በኋላ በኤጲስ ቆጶሱ ግቢ የተጠለሉት ደግሞ ተገደሉ፤ ሳምንት ሳይሞላ የማይንዝ ተራ ሆነ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11፤ ቅጠሉ

የማይንዟ ተመራማሪ በራይን አካባቢ ያለች የአንዲት ትንሽ ከተማ መዝገብ ቤት ስልክ ሰጥታኝ ነበር። ጠባቂው ረጅም፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። አንድ የ16ኛው መቶ ዓመት የሂሳብ መዝገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝና ሻይ ሊያፈሉ ወጡ።

መዝገቡን የጠቀለለው አንድ ሙሉ የብራና ቅጠል ነበር። ጠራዡ ዙሮ ስለጠቀለለው ዕብራይስጡ ወደ ጎን ተኝቷል፤ በአንዱ ጥግ በጀርመንኛ «ሂሳብ» የሚል ቃልና ዓመተ ምሕረቱ በወፍራም ቀለም በላዩ ላይ ተጽፎበታል። ክር የገባባቸው ሦስት ቀዳዳዎች ሦስት ፊደላትን በልተዋል። በጀርባው በኩል ብራናው በሙጫ ጠቁሯል፤ በፊት ለፊቱ በአራት መቶ ዓመት እጅ ፍትጊያ ነጥቶ አንጸባርቋል። አጎንብሼ ከጎን በመብራት አየሁት። እኛ መስመሩን በወስፌ ጫና እንሠምራለን፤ ቀለም የለውም። ይህ ግን በእርሳስ ማዕድን የተሠመረ ግራጫ መስመር አለው፤ በሁለቱም ኅዳግ የመውጊያ ነጥቦች ተሰልፈዋል። የእኛ የፍየል ብራና አንዱ ገጽ የጠጉሩን ሥር እያሳየ ከሌላው ይለያል፤ የአሽኬናዝ ቆዳ ሠሪዎች ግን ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ሁለቱን ገጽ እኩል ይፍቁ ስለነበር የቱ የጠጉር ወገን እንደሆነ አውራ ጣቴም መለየት አልቻለም።

ከዚያ ጽሑፉን ሞከርኩ። በጭንቅ ሁለት ቃል ለየሁ፤ «ታ ሽማዕ»። በአራማይስጥ «ና ስማ» ማለት ነው፤ የግዕዙ ሰምዐ እዚያ ውስጥ አለ። የባቢሎን ታልሙድ አዲስ ማስረጃ ሲያቀርብ በዚህ ቃል ይጀምራል። ስለዚህ የታልሙድ ቅጠል ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በ1242 በፓሪስ በጋሪ ተጭነው የተቃጠሉት የታልሙድ መጻሕፍት ናቸው፤ ከሞላ ጎደል ሙሉ ሆኖ የተረፈው የባቢሎን ታልሙድ የብራና ጥራዝ በ1342 የተጻፈው የሙኒኩ ብቻ ነው። አንድ ቅጠል በአንድ ቃል ከእርሱ ቢለይ እንኳ አጥኚው ያንን ቃል ይዞ ሊከራከር ይችላል።

ሽማግሌው ሻይ ይዘው ሲመለሱ የልቤን ነገርኳቸው፤ ዘራፊ የወሰደውን፣ ጠራዥ የቆረጠውን እያየሁ እንደሆነ። እርሳቸው ሳይመልሱ ከመደርደሪያው አምስት ተመሳሳይ መዝገብ አወረዱ። አምስቱም የተጠቀለሉት በላቲን የቅዳሴና የዜማ መጽሐፍ ቅጠል ነበር፤ ኖታው ሳይቀር ይታያል። ከተማው ፕሮቴስታንት ሲሆን አሮጌው የቅዳሴ መጽሐፍ አላስፈለገም፤ ኅትመትም ስለመጣ ብራና ርካሽ ቆዳ ሆነ። «ጠራዡ አይሁድን አልጠላ ይሆናል፤ ቆዳ ነው የገዛው» አሉኝ። ትንሽ አፈርኩ። በኋላ ግን በባቡር ስመለስ አሰብኩት፤ ጠራዡ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ የላቲኑን መጽሐፍ የሸጠው ግን ባለቤቱ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የዕብራይስጡን ለጠራዡ የሸጠው ማን ነው? በ1509 የፍራንክፈርት አይሁድ መጻሕፍት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ከምኩራባቸው ሲወሰዱ ቢያንስ ሰነድ ተጽፎ ነበር፤ በማግስቱ ዓመትም ተመልሰውላቸዋል። የዚህ ቅጠል ባለቤት ሰነድ የለውም። በዚህ ነጥብ ላይ ሽማግሌውን አልተቀበልኳቸውም፤ ሻያቸው ግን ጥሩ ነበር።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12፤ ሽፓየር

ኤጲስ ቆጶስ ሩዲገር በ1084 አይሁድን ወደ ሽፓየር ሲጋብዝ፣ የከተማዪቱ ክብር በእነርሱ ሺህ እጥፍ እንደሚጨምር በሰነዱ ላይ ጽፏል፤ ሰፈራቸውንም ቅጥር ሠራለት። ቅጥሩ ለጥበቃ ነው፤ የፍራንክፈርቱን በር ላየ ሰው ግን ቅጥር ቶሎ ትርጉሙን የሚለውጥ ነገር ነው። ከዚያ ዘመን የሚደነቀው ከ12ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ ያለው የመንጻት መታጠቢያ ነው። በደረጃ ወደ አሥር ሜትር ያህል ወርጄ ውኃው ዳር ደረስኩ፤ ብርሃን የሚገባው ከላይ ባለው ቀዳዳ ነው። የከርሰ ምድር ውኃ ስለሆነ ጣቴን ነክሬ ወዲያው አወጣሁ። ጥር ላይ ጥምቀተ ባሕር የገባ ሰው ያውቀዋል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13፤ በመንገድ

በወር ትኬቴ ወደ ኤርፉርት በክፍለ ሀገር ባቡሮች እየቀያየርኩ ለመሄድ ተነሣሁ። በፉልዳና በቤብራ መካከል ባቡራችን ቆመ፤ ቀጣዩም ቀረ። ስድስት ሰዓት የሚፈጀው መንገድ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እትዬ ለመንገድ የቋጠረችልኝ ዳቦ ቆሎ እስከዚያ ቆይቶ ነበርና የምታለቅስ ሕፃን ልጅ ለያዘች እናት ዘገንኩላት፤ ልጅቷ አንዱን ቀምሳ ወደ መስኮቱ ተፋችው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14፤ ኤርፉርት

አሮጌው ምኩራብ ጥንታዊው ክፍሉ ከ1094 አካባቢ ነው። መጋቢት 1349 «ጥቁሩ ሞት» የሚባለው ወረርሽኝ ወሬ ሲሰማ የከተማዋ አይሁድ ተጨፈጨፉ፤ ምኩራቡም መጋዘን ሆነ። በኋላ መጠጥ ቤት፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የዳንስ አዳራሽ ሆነ፤ ላይኛው ፎቅ ላይ አሁንም የአዳራሹ ጌጥ ይታያል። በዙሪያው ቤት ስለተሠራበት ምኩራብ መሆኑን የሚያውቅ ጠፋ። ናዚዎችም ሳያውቁት አለፉ። በ1990ዎቹ ነው ተመራማሪዎች ከግንቡ ውስጥ ያወጡት።

ምድር ቤቱ ውስጥ በ1998 በአቅራቢያው የተገኘው ሀብት ተቀምጧል፤ 3,141 የብር ሳንቲም፣ 14 የብር ጥፍጥፍ፣ ከ700 በላይ የወርቅና የብር ሥራ። ቃልማን ዘቪየ የሚባል ነጋዴ ከጭፍጨፋው በፊት ደረጃ ሥር ቀብሮት ሳይመለስ እንደቀረ ይታመናል። ከሁሉ የያዘኝ የሠርግ ቀለበቱ ነው። በላዩ ትንሽ ቤት ተሠርቷል፤ በጣሪያው ላይ «መዝል ቶብ» (መልካም ዕድል) የሚሉ ስድስት የዕብራይስጥ ፊደላት ተቀርጸዋል፤ በቤቱ ውስጥ ያለችው ትንሽ የወርቅ ኳስ ቀለበቱ ሲነቃነቅ ትጮሃለች ይባላል። በመስታወት ውስጥ ሆኖ አይነቃነቅም።

የኤርፉርት አይሁድ የዕብራይስጥ መጻሕፍት ግን እዚህ የሉም፤ በ1880 ተሸጠው በርሊን ናቸው።

ከምኩራቡ ወጥቼ ርቦኝ ወደ ዝነኛው የቱሪንጊያ ቋሊማ ሻጭ ቀረብኩ። ከምን እንደተሠራ ጠየቅሁ፤ «ከአሳማ ነዋ» አለኝ። ትቼ ድንች በላሁ። ቀለበቱን ያሠራው ሰው ቢኖር አብረን ድንች እንበላ ነበር።

ዓርብ፣ ግንቦት 15፤ ጎታ

ሉዶልፍ የተወለደው በኤርፉርት ነው፤ በ1624። ጎታ ከዚያ በባቡር ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ ጎርጎርዮስ በ1652 እንግዳ ሆነው ተቀምጠው የሉዶልፍን ጥያቄዎች መልሰዋል። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥሞ ቀሩ። ግቢው ሰፊና ነፋሻ ነው። ደብተሬን አውጥቼ ጥቂት ጻፍኩ፤ ከዚያ ዝናብ መጣ።

በሰኔ መጨረሻ ወደ ሥራዬ ተመልሼ በአንድ ደብር ዕቃ ቤት መሪጌታው አንድ ዳዊት ከማኅደሩ አውጥተው ሰጡኝ። እኔ ግን የፊተኛውን ገበታ ሳልገልጥ መጽሐፉን ገልብጬ የኋላውን ገበታ ከፈትኩና ከሥሩ የተሰፋውን ሻካራ ቅጠል በመብራት ወደ ጎን ማየት ጀመርኩ። መሪጌታው ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱኝና መጽሐፉን በቀስታ ከእጄ ወስደው አዙረው መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ዳዊት የሚጀምረው በዚህ በኩል ነው» አሉኝ።